ባቡር የመጠበቅ ልምምድ

ባቡር መምጣት ካቆመ ወዲህ አንድ የቆላ ጣቢያ ለቱሪስት መስህብ ተብሎ ሳይዘጋ ቀረ። ግድግዳው ተቀባ፣ ደወሉ ተወለወለ። የጎደለው ተሳፋሪ ብቻ ስለነበር የወረዳው አስተዳዳሪ የመንደሩን ሰው ሰብስበው፣ «እንግዶች ሲመጡ ጓዛችሁን ይዛችሁ ባቡር የምትጠብቁ ምሰሉ። መምሰል ያቃተው እዚህ ግቢ ውስጥ ምንም አይሸጥም!» ብለው አዘዙ።

በልምምዱ ቀን አንዱን «ቀና በል!» ሌላዋን «ፈገግ በዪ!» እያሉ ሲዞሩ ቆይተው፣ አንዲት ብርቱካን ሻጭ ፊት ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ሴትዮዋ ለማንም መልስ የማታጣ ናት። ባዶ ቢጫ ጀሪካን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ባቡር የሚጠብቅ ሰው ጀሪካን ያቅፋል እንዴ? ፊትሽስ ምን ሆኗል? ሐዲዱን በጉጉት ተመልከቺ እንጂ! የማይመጣ ነገር ይመጣል ብሎ መጠበቅ ይኼን ያህል ያቅታል?» ብለው ጮሁባት።

«ኧረ ጌታዬ፣ በመጠበቅማ ማን ይበልጠኛል!» አለች ሴትዮዋ። «አምና እዚሁ ቆመው 'በሚቀጥለው ወር የቧንቧ ውሃ ይገባላችኋል' ካሉን ጀምሮ ይኼን ጀሪካን ታቅፌ አይደል የከረምኩት? ጉጉቴን እሱ ላይ ጨርሼው ነው። ግድ የለም፣ ከዛሬ ጀምሮ ባቡሩን እጠብቃለሁ። እሱስ ድሮም ቢሆን መጥቶ ያውቃል።»