ኮኤግዚስት የተባለው ቃል

አንድ ፍራሽ አዳሽ ከአቶ ዘርጋው ፎቅ ሥር ባለች ጠባብ ግቢ ይኖር ነበር። የአቶ ዘርጋው የመጸዳጃ ፍሳሽ በግቢው መሀል መውረድ ከጀመረ ዓመት ስላለፈው፣ ሰውየው ለሰፈሩ ሽማግሌዎች አመለከተ። በሽምግልናው ቀን ውጭ አገር የተማሩት አቶ ዘርጋው ፍሳሹ ባለበት እንዲቀጥል የሚፈቅድ ወረቀት ይዘው መጡ።

«ይሄ በእንግሊዝኛ ኮኤግዚስት ይባላል» አሉት። «ሁለት ነገሮች ሳይጠፋፉ በአንድ ቦታ አብረው መኖር ማለት ነው። ገባህ? እስቲ ዓረፍተ ነገር ሥራበትና ፈርም።»

ሽማግሌዎቹ ለእሱ አፍረው አቀረቀሩ። ፍራሽ አዳሹ ጉንጩን ደባበሰ።

«ገብቶኛል ጌታው። እኔና የተበላው መንጋጋ ጥርሴ አሥራ ሁለት ዓመት ኮኤግዚስት አድርገናል። ስኳሩን እሱ ይቀምሳል፣ ሕመሙን እኔ እችላለሁ። ወድጄው እንዳይመስልዎ፤ ጉጠት ሲያሳዩኝ እንደ ሕፃን የማለቅስ ፈሪ ስለሆንኩ ነው ያላስነቀልኩት። እሱ ግን ይሄን ሁሉ ዘመን ሲያሠቃየኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹ተስማምቻለሁ ብለህ ፈርምልኝ› አላለኝም።»

ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ወረቀቱን ለአቶ ዘርጋው መለሱላቸው፤ የፍሳሹ ቧንቧም በሳምንቱ ከግቢው ተነሣ።