ያልጮኸችው ነፍጥ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን ወዲህ አድርጉ።

ድሮ ነው አሉ። አውሬ ከሰው ጋር በአንድ ቋንቋ ሲነጋገር፣ ዕቃም ሆድ ሲብሰው አፍ አውጥቶ ሲናገር። በዚያ ዘመን ሸንበቆ ወንዝ በሚባል የቆላ አገር አባ ላቀው የሚባሉ አዳኝ ነበሩ።

አባ ላቀው ከአባታቸው የወረሷት አንዲት ነፍጥ ነበረቻቸው። ነፍጧ እንደ ዛሬው ጠመንጃ ጥይት ደርድራ የምትተፋ አልነበረችም። በአፈ ሙዟ በኩል መጀመሪያ ባሩድ ትጎርሳለች። ቀጥሎ በጨርቅ የተጠቀለለ የእርሳስ አረር ትጎርሳለች። ከዚያ በረጅም ዘንግ እስከ ታች ድረስ ይጠቀጠቅላታል። በጎኗ ባለችው ትንሽ ጎድጓዳ ላይ ደግሞ ቁንጥር ባሩድ ይነሰነሳል። ምላጩ ሲሳብ ባልጩት ብረት ይመታል፤ ብልጭ ይላል፤ ነፍጧም ትጮኻለች። አንድ ጊዜ ብቻ! እንደገና እስክትጎርስ ድረስ የሳተችው ከርከሮ ሁለት ተራራ ይሻገራል።

የሸንበቆ ወንዝ ሰው የሚኖረው በማሽላው ነው። ከርከሮም የሚመኘው የሰውን ማሽላ ነው። ከማሳው የሚያርቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም አባ ላቀውን መፍራት።

አባ ላቀው ግን የሚደብቁት ነገር ነበራቸው። ዓይናቸው እየፈዘዘ ነበር። መጀመሪያ ሩቁ ጠፋባቸው። ቀጥሎ የወንዙ ማዶ ጠፋባቸው። በመጨረሻ የደጃቸው ዛፍና በዛፉ ሥር የቆመ ሰው አንድ ሆኑባቸው። ለማንም አልተናገሩም። የምታውቀው ነፍጧ ብቻ ነበረች።

«ላቀው፣ ትናንት ያነጣጠርክበት እኮ ኩይሳ ነው» አለቻቸው።

«ኩይሳ መሆኑን አውቄያለሁ። ስሞክርሽ ነው።»

«እኔን ነው የምትሞክረው? አንተ ሳትወለድ ስተኩስ የኖርኩትን? ይልቅ ለሰው ንገር። ዓይን ያለው ሰው አስተምር።»

«ዝም በይ!» አሉ አባ ላቀው። አዳኝነታቸው ከቀረ ከሳቸው ምንም የሚተርፍ አልመሰላቸውም።

ከከርከሮዎቹ መካከል ግራ ጥርሱ የተሰበረ፣ ተንኮል የማያልቅበት አያ ከርከሮ ነበር። ሽማግሌው ሲሄዱ እግራቸው መሬቱን እየዳበሰ መሆኑን አየና ጠረጠረ። በመጀመሪያው ቀን መቶ እርምጃ ርቆ ሜዳ ላይ ቆመ። አባ ላቀው አልፈውት ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ሃምሳ እርምጃ ላይ ቆመ። አሁንም አልፈውት ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሥር እርምጃ ድረስ ቀረበና፣

«እንደምን አደሩ አባ ላቀው?» አላቸው።

«እግዜር ይመስገን። ማን ልበል?»

«ጎረቤትዎ ነኝ» ብሎ አያ ከርከሮ ሳቁን እየዋጠ ሄደ። መንጋውንም ሰብስቦ፣ «እግዜር ይመስገን አሉኝ! ማን ልበል አሉኝ! ከእንግዲህ ማሽላው የኛ ነው!» አለ። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ የሦስት ሰው ማሳ ተገለበጠ።

«ያናገርከው ከርከሮ ነበር» አለች ነፍጧ ቀስ ብላ። አባ ላቀው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እፍረት ያዛቸው። እንደዚያ ዓይነት እፍረት ሰውን አንዳንዴ ያስተምረዋል፤ አንዳንዴም እልኸኛ ያደርገዋል። እሳቸውን እልኸኛ አደረጋቸው።

በማግስቱ ትርንጎ የምትባል ሴት መጣች። ባሏ በንዳድ ሞቶባት ማሳዋን ብቻዋን የምታርስ ጎረቤታቸው ነች።

«አባ ላቀው፣ ነፍጥ መተኮስ ያስተምሩኝ» አለች። «እርስዎ አንድ ነዎት፤ ከርከሮው ብዙ ነው። የማሽላዬ ግማሹ ሄዷል።»

«ነፍጥ እንደ ዶማ የሚያነሱት ነገር መሰለሽ? እኔ እያለሁ ምን አስጨነቀሽ? ሂጂ።»

ትርንጎ ሄደች። ከዚያ ወዲያ እንዳትለምናቸው አንገቷን አስደፏት።

ጉም ማሳውን በሸፈነበት አንድ ማለዳ፣ አባ ላቀው አያ ከርከሮን ሊገድሉ ብቻቸውን ወጡ። ከማሽላው መካከል አንድ ጥቁር ነገር ጎንበስ ብሎ ሲንቀሳቀስ ታያቸው። ነፍጧን ትከሻቸው ላይ ደገኑ።

«ላቀው፣ ይህ ከርከሮ አይደለም» አለች ነፍጧ።

«ጥቁር ነው። ጎንበስ ብሏል። ማሽላ ውስጥ ነው። ከርከሮ ነው።»

«ላቀው፣ በአባትህ አጥንት ይዤሃለሁ!»

«ዝም በይ አላልኩሽም?»

ነፍጧ እጅና እግር የላትም፤ መሸሽ አትችልም። ዙሪያዋን ብታይ ከራሷ በላይ ካለ የማሽላ ቅጠል ጫፍ ላይ ጤዛ ተንጠልጥላለች።

«እመት ጤዛ፣ ቶሎ ውረጂ! ጎኔ ላይ ያለው ባሩድ ላይ ውረጂ!»

«ባሩድ እኮ አይወደኝም» አለች ጤዛ።

ባሩዱ ግን ከጎድጓዳው ውስጥ፣ «ነይ፣ ነይ!» አላት። «ዕድሜዬን ሙሉ ስጮኽ ኖሬያለሁ። ዛሬስ ርሼ ዝም ብል ይሻለኛል።»

ጤዛ ጠብ አለች። አባ ላቀው ምላጩን ሳቡ። ባልጩቱ ቋ! አለ፤ ብልጭ አለ፤ ነፍጧ ግን አልጮኸችም።

ቋ ያለውን ሰምቶ ጥቁሩ ነገር ቀና አለ። «ማነው?» አለ፤ በሰው ድምፅ። ትርንጎ ነበረች። ጥቁር ባና ደርባ ከርከሮ የጣለውን የማሽላ ራስ ስትለቅም ነው።

አባ ላቀው ድምፅዋን ለዩት። ነፍጧ መሬት ወደቀች። በዚያች ቅጽበት ሦስት ውሸት አፋቸው ላይ ደረሰ። «ከኋላሽ ከርከሮ ነበር» የሚል መጣላቸው። «ነፍጧ ባዶ ነች» የሚል መጣላቸው። «ሳላስበው ነካሁት» የሚል መጣላቸው። ሦስቱንም ዋጡ።

«ትርንጎ፣ አላይም» አሉ። «ዓይኔ ከፈዘዘ ሦስት ክረምት አልፎታል። ከርከሮ መስለሽኝ ተኩሼብሽ ነበር። ያዳነሽ እኔ አይደለሁም።»

ትርንጎ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እኔን ገድለው፣ ከርከሮ ገደልኩ ብለው ይገቡ ነበር?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ተነስታ ሄደች።

አንድ ቀን አልመጣችም። ሁለት ቀን አልመጣችም። ሦስት ቀን አልመጣችም። አባ ላቀው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ኮቴ ያዳምጣሉ። በአራተኛው ቀን መጣች።

«አልረሳሁትም» አለች ቆማ። «እንደምረሳውም አላውቅም። ግን ማሽላዬ ሳያልቅ ያስተምሩኝ።»

እሳቸውም ማስተማር ጀመሩ።

በመጀመሪያው ቀን ትርንጎ ባሩዱን ትታ አረሩን አስቀድማ አጎረሰች። «ወጥ ሳይኖር እንጀራ ብቻ!» አለች ነፍጧ። «በምኔ ልጩህ?» አረሩን ሲያወጡ ዋሉ።

በሁለተኛው ቀን ዘንጉን ከአፈ ሙዙ ሳታወጣ ተኮሰች። ዘንጉ ተስፈንጥሮ ከወንዙ ማዶ ደንገል ውስጥ ተሰካ። «ኧረ የሰው ያለህ! እኔ ደግሞ መቼ ነው ክንፍ ያወጣሁት?» እያለ ሲጮኽ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ማለዳ በኋላ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም በወጉ አደረገች፤ ባሩዱን አላበዛችም፣ ዘንጉን አወጣች፣ ትከሻዋ አልተንቀጠቀጠም። ቁጥቋጦ ውስጥ ኮሽ ሲል ተኮሰች።

«ምን ተኮስሽ?» አሉ አባ ላቀው።

«ኮሽ ሲል ሰማሁ።»

ሽማግሌው ተቆጡ። «ኮሽታ አይተኮስም! እኔ አንቺ ላይ ምላጭ የሳብኩት እንደዚህ ብዬ ነው! ጥቁር ነው፣ ጎንበስ ብሏል ብዬ! ከዛሬ ጀምሮ ምላጭ ከመሳብሽ በፊት የምታይውን በአፍሽ ትነግሪኛለሽ። አውሬው ምንድን ነው? ከኋላውስ ምን አለ? ካልነገርሽኝ አትተኩሺም።»

«እሺ» አለች ትርንጎ። ነፍጧም በልቧ እሺ አለች።

በሳምንቱ ጠዋት አያ ከርከሮ እንደ ልማዱ እየተንጎማለለ መጣ። ትርንጎ ከማሳው ዳር ተንበርክካለች። አባ ላቀው ከኋላዋ ቆመው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳርፈዋል።

«እንደምን አደሩ አባ ላቀው?» አለ ከርከሮው።

«እግዜር ይመስገን አያ ከርከሮ። ዛሬስ ማን ልበል አልልህም።» ቀጥለውም ጎንበስ ብለው፣ «ምን ታያለሽ?» አሉ።

«ከርከሮ። ግራ ጥርሱ የተሰበረ።»

«ከኋላውስ?»

ትርንጎ ዓይኗን አጠበበች። «ከኋላው ውሃ የቀዱ ሴቶች ዳገቱን እየወጡ ነው።»

«ታዲያስ?»

«አልተኩስም።»

አያ ከርከሮ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ነፍጥ ይዛችሁ አትተኩሱም?» አለና አንገቱን ደፍቶ ወደ እነሱ ተንደረደረ። የኮቴው ድምፅ ሲቀርብ የአባ ላቀው እጅ ትርንጎ ትከሻ ላይ ጠበቀ፤ «ተኩሺ» ግን አላሉም። አሥር እርምጃ ቀረ። ስምንት ቀረ። ሴቶቹ እንስራቸውን እንደያዙ ከዳገቱ ጀርባ ተሰወሩ።

«አሁን አፈር ብቻ ነው» አለች ትርንጎ፤ ምላጩንም ሳበች።

ነፍጧ ጮኸች! ጭሱ ሜዳውን ሸፈነው። አያ ከርከሮ ከእግራቸው ሦስት እርምጃ ላይ ወደቀ። «ላቀው» አለ እያቃሰተ፣ «ዓይኑን ከየት አመጣኸው?»

«አባርሬው የነበረ ዓይን ነው» አሉ አባ ላቀው። «ተመልሶ መጣልኝ።»

መንጋው ያንን ሰምቶ ወንዙን ተሻገረ። ማሽላውም ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሴቶችና አምስት ወንዶች «እኛንም አስተምሩን» ብለው መጡ። ትርንጎ አያያዙን ታሳያቸዋለች፤ አባ ላቀው ደግሞ ይናገራሉ። አዲስ መጪ ሁሉ ስለ ገደሉት አውሬ ፉከራ ሊሰማ ይጓጓል። እሳቸው ግን ባሩድ ሳይነካ፣ ዘንግ ሳይነሳ፣ መጀመሪያ ስለዚያ የጉም ማለዳ ይነግሩታል። ምላጩን ከሳቡበት ቦታ ሲደርሱ ሁልጊዜ ድምፃቸው ይቆረጣል። ያኔ ትርንጎ ከጎናቸው ሆና የቀረውን ትጨርስላቸዋለች።

አንድ ቀን ከመጪዎቹ አንዱ፣ «አባ፣ ይህን ባይነግሩን ማን ያውቅብዎታል?» አላቸው።

«ማንም አያውቅብኝም» አሉ አባ ላቀው። «እናንተም አታውቁትም፤ ከዚያ ራሳችሁ ታደርጉታላችሁ።»

እኔም የሰማሁትን ነገርኳችሁ። ለተተኪው መተኮሱን ብቻ አሳይቶ የሳተበትን የደበቀ፣ ግማሽ ሙያ አውርሷል። የሳተበትንም የነገረው ሙሉውን ሰጥቷል።