ጡረታው ይበቃል ወይ?

አባቴ ልጄን ሳያይ በጥር ዐረፈ። ለልጄ የማወርሰው ይህን ታሪኩን ነው። በሕይወት ሳለ አንድ ቀን፣ ጡረታ የወጣበት መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ስለ ጡረታ ገቢ ለሚጠና ጥናት ጡረተኞችን ሰበሰቡ። ጥናቱ “አይበቃም” ካለ ጡረታው ይጨመራል ተብሏል። ሥራ አስኪያጁ አባቴን አስነሱት።

“አባባ፣ ጡረታው ይበቃዎታል?”

“ኧረ አይበቃኝም።”

“ታዲያ በምን ኖሩ? ይኸው ቆመዋል!” አሉና ወደ ጸሐፊው ዞረው “ይበቃል ብለህ ጻፍ” አሉት።



“ጌታዬ፣ በዕድሜ እኮ ይበልጡኛል” አለ አባቴ። “በጡረታ የሸኙኝም እርስዎ ነዎት። የሚበቃ ከሆነ፣ የራስዎን ጡረታ በየዓመቱ ለምን ይገፉታል? ይኸም ይጻፍልኝ።”

ጡረተኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ጸሐፊው እንኳ ብዕሩን ጥሎ ሆዱን ያዘ። አባቴም አግዳሚው ላይ ተመልሶ ተቀመጠና ፈቀቅ ብሎ፣ ለሥራ አስኪያጁ አጠገቡ ቦታ ለቀቀላቸው።