ዐሥራ አንዱ የጃርት ዛጎል

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይቅረብበት። አውሬዎች በዛጎል በሚገበያዩበት ዘመን እመት ጃርት የምትባል አስተዋይ እናት ነበረች። ዐሥር ዛጎል ለአያ ዝንጀሮ አደራ ብትሰጥ፣ በዓመቱ ዐሥራ አንድ አድርጎ መለሰላት።

«ወለደልሽ እኮ! እልል በይ እንጂ» አላት።

እመት ጃርት ግን እልልታዋን ዋጥ አድርጋ ገበያ ወረደች። አምና በዐሥሩ ዛጎል ዐሥር ቁና ማሽላ ይገዛ ነበር። ዘንድሮ እህል ሻጯ ቆቅ ለዐሥራ አንዱ የሰፈረችላት ስምንት ቁና ብቻ ነው።

«እመት ቆቅ፣ ስፍሩ ጎደለ እንዴ?»

«ቁናዬማ የአምናው ነው። ወንዙ ዛጎል እየተፋ በየደጁ ቢበዛ ጊዜ ረክሶ ነው።»

ጃርት የዐሥር ቁና ዋጋ አስቀምጣ የስምንት መውሰዷ ገባት። ግን ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ስድስቱን ቁና ለግልገሎቿ ቆጥባ፣ ሁለቱን እየራባት ዘራች።

በኅዳር ማሽላዋ ሲደርስ አያ ዝንጀሮ ሙሉ ከረጢት ዛጎል ተሸክሞ መጣ።

«እመት ጃርት፣ ይህ ሁሉ አንድ ቁና እንኳ አልገዛልኝም፤ እባክሽ!»

«ከረጢቱን እዚያ ጣልና ማጭድ ያዝ፤ አብረን እንበላለን» አለችው።

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ዳቦውን አትርሱኝ።