አባቱን ፋይል ውስጥ የቆለፈ ሰው

አባቱን በካሜራ ያስቀረ አንድ ሰው ነበረ። የተማረ ነው፤ ፊልም በሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። አባቱ ንብ አናቢ ነበሩ። በጥቅምት ማር ሲቆርጡ፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ፣ ንቦቹን እንደ ልጅ ሲያባብሉ ቀረጻቸው። «ቀስ በሉ እናንተ፤ እኔ እኮ ነኝ» ይሏቸዋል። ያን ጊዜ ጋቢያቸው ሰምና ጭስ ይሸት ነበር፤ ግቢውም በቀፎ ሙሉ ነበር።

ሰውዬው ቪዲዮውን ያስቀመጠው በመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም ብቻ በሚከፈት የፋይል ዓይነት ነበር። ጥራቱ ወደር የለውም፤ የንቧ ክንፍ ሳይቀር ይታያል። እኅቱ ግን፣

«ወንድም ጋሼ፣ በስልካችን የምናየው አድርገህ ስጠን እንጂ» አለችው።

«ኤምፒ ፎር ላድርገው? ሲጨመቅ ጥራቱ ይወርዳል፤ ንቧ ዝንብ ትመስላለች።»

«ዝንብ ትምሰላ! እኛን የናፈቀን አባባ ነው፤ ንቧ አይደለችም።»

ሳቀባት። «ሲናፍቃችሁ ቢሮዬ ኑ፤ እኔ እከፍትላችኋለሁ» አላት።

አባት አረፉ። ወዲያውም አንድ ባልደረባው ወንበሩን ፈልጎ በሐሰት ከሰሰው፤ አለቆቹ ቃሉን ሳይሰሙ አሰናበቱት። እውነቱን ከሚያውቁት አንድም የመሰከረለት አልነበረም።

ለተዝካሩ የተሰበሰበው ዘመድ «እስቲ አባባን አሳየን» ሲለው፣ ፋይሉ በማንም ኮምፒዩተር አልከፈት አለ። ሰውዬው ኩራቱን ውጦ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደና ያንኑ ከሳሹን ለመነው። «አንድ ጊዜ ክፈትልኝና ልቀይረው። አባቴ ነው።» ከሳሹም «ፕሮግራሙ ለሠራተኛ ብቻ ነው» ብሎ ጥበቃውን ጠራበት።

ዛሬ ቀፎዎቹ የሉም። ጥቅምት በባተ ቁጥር ሰውዬው የአባቱን ድምፅ ለማስታወስ ይሞክራል፤ ድምፁ ግን ዓመት በዓመት እየራቀው ነው።

ልጄ ትርሲት፣ «የእማዬን ቪዲዮ በየትኛው ፋይል ላስቀምጠው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ካሜራው የሰጠሽን ዋናውን አትጣይው። ነገር ግን ዛሬውኑ ኤምፒ ፎር አድርገሽ ለእኅት ወንድሞችሽ በትኚው፤ በየስልኩ ይከፈታልና። ፋይል እንደ ቤት ነው፤ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ባለቤቱ አንቺ አይደለሽም። ቁልፍ የያዘው ሰው ደግ ይሆናል ብለሽም ተስፋ አታድርጊ። ጥራቱ ጥቂት ይውረድ፤ የእናትሽን ሳቅ ለመስማት ግን የማንንም ደጅ አትጥኚ።