የአንለይ እናት ደጅ

አንድ የወንዝ ዳር መንደር ውስጥ ደብሪቱ የምትባል እናት ነበረች። አንድዬ ልጇ አንለይ ጢሙ ገና ሳያቀመቅም ዘመተ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ሳይመለስ ቀረ። ጓደኞቹን ስትጠይቃቸው «ስናፈገፍግ አብሮን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም» አሏት። ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ።

በዚያ መንደር አንድ ደንብ ነበር። መርዶ ላልተነገረለት ሰው አይለቀስም፤ ድንኳንም አይተከልም። በምትኩ ከሩቅ አገር የተመለሰ ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን መንገደኛ፣ ጭነቱን ከማራገፉ በፊት በጠፋው ሰው ደጅ ቆሞ የሰማውን ይናገራል። ምንም ካልሰማም «የሰማነው የለም» ብሎ ያልፋል። ቤተሰቡ አልቅሶ እርሙን ካወጣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጁ የሚቆም አይኖርም።

ደብሪቱን ያኖራት ይኸው ቃል ነበር። «ስለ አንለይ የሰማነው የለም» ሲሏት «እግዜር ይስጥልኝ» ትልና በሯን ሳትቀረቅር ትተኛለች። ዓመታት ሲያልፉ መንገደኞቹ ሰለቻቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ሰው በሌላ ሰው ሐዘን ቶሎ ይደክመዋል። አንዳንዱ አህያውን በጓሮ መንገድ መንዳት ጀመረ።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ የዳርቻውን አፈር ሲንደው የወታደር ልብስ የለበሰ አስከሬን ወጣ። መልኩ አይለይም። መንደርተኛው ግን ለማመን ጊዜ አልፈጀበትም። «ቁመቱ የአንለይ ነው! ወደ ቤቱ ሲመጣ ነው የወደቀው!» ተባለ። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላይ ከሐዘኑ ጋር እፎይታም ይታይ ነበር። ሽማግሌዎች ማልደው ሄደው መርዶውን ነገሯት።

ደብሪቱ አላለቀሰችም። «መጀመሪያ ልየው» አለች። አስከሬኑ ወዳለበት ቤት ስትገባ ገናዡ ውበቱ ብቻውን ነበር። ውበቱ የመንደሩ ጥርስ ነቃይም ነው። አንለይ ጎረምሳ ሳለ ሁለት የመንጋጋ ጥርሶቹን የነቀለለት እሱ ነበር፤ ጭንቅላቱን ይዛ ያባበለችው ደግሞ እናቱ። ውበቱ የአስከሬኑን አገጭ ዝቅ አድርጎ አሳያት። ጥርሶቹ ሙሉ ነበሩ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ወጥቼ ልንገራቸው» አላት።

«ብትነግራቸው ይህን ልጅ ምን ያደርጉታል?»

«ያው ባለቤት የሌለው ነው። እዚያው ወንዙ ዳር አፈር ይመልሱበታል።»

«ማንም ሳያለቅስለት?»

«ማን ብለው ያልቅሱለት፣ እትዬ? ስሙን የሚያውቅ የለ።»

ደብሪቱ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «እንግዲያው ዝም በል» አለችውና ወጣች። ደጁ ላይ ስትደርስ «ልጄን! ልጄን!» ብላ ጮኸች።

ለቅሶው ቀለጠ። ድንኳን ተተከለ፣ ደረት ተመታ፣ ያም ወጣት በአንለይ ስም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደብሪቱ ደጅ የቆመ መንገደኛ የለም።

በተዝካሩ ዕለት የእድሩ ዳኛ ሊመርቁ ተነሡ። «ደብሪቱ፣ እንኳን አንቺም ዐረፍሽ፣ እኛም ዐረፍን» አሉ። ይህን ሲሰማ ውበቱ አልቻለም።

«ምን ዐረፈች! የቀበርነው አንለይን አይደለም! እሷም ታውቃለች!» ብሎ ጮኸ።

ሁሉም ክው አለ። የጎረሰው አላላመጠም፤ ጽዋ ያነሣው መልሶ አላስቀመጠም። ዳኛው ወደ ደብሪቱ ዞሩ። «አንቺ ሴት! ለማናውቀው ሰው ነው ያስለቀስሽን?»

«የእኔ ሲመስላችሁ ደረታችሁን መታችሁ» አለች ደብሪቱ። «አስከሬኑ ያው ነው። የእኔ አለመሆኑን ስትሰሙ ምኑ ጎደለባችሁ? ይኼም ልጅ በሯን ሳትቀረቅር የምታድር እናት አለችው። የእኔም ልጅ ወድቆ እንደሆነ በማን አገር ወንዝ ዳር እንደወደቀ አላውቅም። እዚያ ያለች ሴት ‹ልጄን› ብላ ትጩህለት ብዬ ነው። ለዚህ ስል የእኔን ልጅ የሚጠይቅልኝ ሰው አጣሁ። እርሜን ግን ዛሬም አላወጣሁም።»

ዳኛው ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ ተቀመጡ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከቆላ ገበያ የተመለሰ አንድ ነጋዴ፣ ያ አህያውን በጓሮ መንገድ ይነዳ የነበረው፣ ደብሪቱ ደጅ መጥቶ ቆመ። «ስለ አንለይ የሰማነው የለም» አላት። ይህን ብሎ ግን ወዲያው አልሄደም። «ስለዚያኛውም ልጅ በየደረስንበት ጠይቀናል፣ እትዬ። እናቱን አላገኘናትም። ገና እንጠይቃለን።» ደብሪቱ «እግዜር ይስጥልኝ» ልትል አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት።

የጠፋ ወታደር የጠፋው ከሁላችንም ነው፤ መጠበቁን ግን ለእናቱ ብቻ ትተንላታል። እሱን ማስታወስ ማለት፣ አዲስ ወሬ እንደሌለ እያወቁም ደጇ ላይ መቆም ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ለማይታወቀውም እንደ ራስ ልጅ ማልቀስ ነው። እርስዎም ይህን ያነበቡ፣ በሰፈርዎ ልጇን የምትጠብቅ እናት ካለች፣ ወደ ቤትዎ ሲገቡ የሚያልፉት በደጇ ነው ወይስ በጓሮ መንገድ?