እመት ፍየል ያመጣችው ዛፍ

እናንተ ልጆች ቀረብ በሉ፤ ትልልቆቹም ጆሯችሁን አትንፈጉኝ። ድሮ ድሮ፣ ስሙን በረሳሁት አንድ ቆላ አገር፣ እመት ፍየልና እመት ላም ጎረቤታሞች ነበሩ። ሜዳው ሣር ብቻ ነበርና የላም ወተት ሞልቶ ይፈስሳል፤ የአገሩ ምርቃት ሁሉ ለእሷ ነው። እመት ፍየልን ቅናት አንጀቷን በላው። «ላም! ላም! ሁሌ ላም! እኔስ አልታለብም?» ትላለች።

አንድ ቀን ወንዝ ተሻግራ ስትዞር በጋ የማያደርቀው እሾሃም ዛፍ አገኘች። ፍሬው ማር ነው፤ ከሥሩ ግን አንዲት ሰበዝ ሣር የለችም። ይህን ስታይ ፍየል ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ማዶ ሄዳ ፍሬውን ትበላለች፤ ማታ ማታ መጥታ በላም ሜዳ ላይ በጠጧን ትጥላለች። ዘሩ በሆዷ ውስጥ አይፈጭም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ዛፉ ብቅ ብቅ አለ። በሦስተኛው ዓመት ሜዳውን ዋጠው፤ የጉድጓዱም ውኃ ሸሸ። ላም ከስታ ወደ ተራራው ተሰደደች።

«ላም! ላም! አሁንስ የት አለች ላም?» ብላ ፍየል ጨፈረች።

እንስሳቱ ቢቆርጡት፣ ቢቆርጡት፣ ካንዱ ጉቶ ሰባት በቀለ። በመጨረሻ ሸንጎ ተቀመጡ። ዳኛው አያ ግመል ሜዳውን ዞሮ እያንዳንዱን ቡቃያ አሽትቶ ተመለሰ።

«ይህን ጉድ ማን አመጣብን?» አለ።

«ነፋስ ነዋ!» አለች ፍየል ቀድማ።

«እመት ፍየል፣ ነፋስ በጠጥ ይጥላል እንዴ? ቡቃያው ሁሉ የቆመው በበጠጥሽ ላይ ነው።»

ፍየል አንገቷን ደፋች። አያ ከርከሮም፣ «ከሥሩ ካልተነቀለ አይሞትም፤ እኔ ልቆፍር፣ እሷ ትጎትት» አለ። እንዲሁ ተፈረደ።

ፍየል ግን ምኑን ጎትታ! ያ ጣፋጭ ፍሬ ጥርሷን አርግፎ መንጋጋዋን አጣሞት፣ ሣር ማኘክ አቅቷት ጡቷ ነጥፏል። ግልገሏ ባዶ ጡት እየሳበ ያለቅሳል። ልጇ ሊሞትባት ሲሆን ይዛው ተራራውን ወጣች።

«እመት ላም፣ በድዬሻለሁ። ልጄን አድኝልኝ።»

ላም በተራራው ሣር አገግማ ወተቷ ተመልሶ ነበር። «ግልገሉ ምን አደረገኝ? ይጥባ» አለች።

ግልገሉ ጠግቦ ጅራቱን ቆላ። ፍየል ያን የሞላ ጡት አይታ አሁንም ቀናች፤ ግን ምን አፍ አላት?

ለዚህ ነው አበው፣ «በጎረቤቱ መስክ እሾህ የዘራ፣ ልጁን ይዞ ወተት ይለምናል በተራ» የሚሉት።